የፌት የገመድ ጉተታ፦ ለባላንስድ ፎርስ ከዚህ የተሻለ ነጻ ነገር አላገኘሁም፣ ብቻውን ግን አይበቃም

የ9ኛ ክፍል ፊዚክስ ያስጠና ሰው ይቺን ጥያቄ ያውቃታል። አንድ ሚኒባስ ታክሲ ደልዳላና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው፤ ፍጥነቱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ኔት ፎርሱ (የሚገፉትና የሚጎትቱት ኃይሎች አቅጣጫን የያዘ ድምር) ስንት ነው? ልጆቹ ተሽቀዳድመው «ወደ ፊት ነው!» ይላሉ። ለምን? እየሄደ ነዋ! ዜሮ ነው ስትሏቸው የምታጭበረብሯቸው ይመስላቸዋል። አንዳንዱ ደግሞ እሺ ብሎ ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ሆዱ ግን አላመነም። ጥያቄው ትንሽ ሲቀየርበት ወዲያው ወደ ድሮው ይመለሳል።

ይህን ግትር እምነት ለመነቅነቅ ቪዲዮም፣ አጋዥ መጽሐፍም፣ ሰሌዳም ሞክሬያለሁ። ከሁሉም የጠቀመኝ ፌት የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ያለ አንድ ሲሙሌሽን (ስክሪን ላይ የሚነካካ ሙከራ) ነው። ስሙ «ፎርስስ ኤንድ ሞሽን፡ ቤዚክስ» ይባላል። ሰው በጠየቀኝ ቁጥር በቴሌግራም ረጅም ድምፅ መላክ ስለሰለቸኝ ጥሩውንም መጥፎውንም እዚህ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ስለ ባለቤቶቹ በአጭሩ። ፌት በአሜሪካ የኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት ነው። የጀመረው ካርል ዋይማን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሰዎች አንዱ። በማግስቱ ዓመት፣ በ2002፣ ከሽልማቱ ገንዘብ ከፊሉን አውጥቶ ይህን ነገር አስጀመረ። ኖቤል አግኝቶ የልጆች ገመድ ጉተታ ላይ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ደስ ይለኛል።

ዋጋ? በብሮውዘር ከተጠቀማችሁት ነጻ ነው። አካውንት ክፈት፣ ኢሜይል አስገባ፣ ሰባት ቀን ሞክር ከዚያ ክፈል የሚል ነገር የለውም። ለስልክና ለታብሌት የሚሸጥ አፕ አላቸው፣ እሱ ይከፈልበታል፤ እኔ አላስፈለገኝም። ለኛ ትልቁ ነገር ሌላ ነው፦ እያንዳንዱን ሲሙሌሽን እንደ አንድ ፋይል አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት መክፈት ትችላላችሁ። ፋይሉ ጥቂት ሜጋባይት ነው። አንድ ሰው ያወርድና ለክፍሉ ሁሉ በቴሌግራም ይልካል፣ አለቀ። መብራት ሲጠፋና ዋይፋዩ አብሮ ሲሄድም ስልኩ ላይ ቻርጅ ካለ ትምህርቱ አይቆምም። አንድሮይድ ላይ ፋይሉን ስትነኩ በክሮም ክፈት በሉት። አይፎን ላይ የወረደውን ፋይል መክፈት ያስቸግራል፣ ለአይፎን ተጠቃሚ በቀጥታ ድረ ገጹ ይሻላል።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። አራት ክፍሎች አሉት።

የመጀመሪያው ገመድ ጉተታ ነው። መሃል ላይ ከረሜላ የተጫነ ጋሪ አለ፣ ግራና ቀኝ ገመድ ታስሮበታል። ሰማያዊና ቀይ ቡድን አለ፣ በየቡድኑ አራት ሰው፦ ሁለት ትንንሽ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ትልቅ። ትንሹ 50 ኒውተን (የፎርስ መለኪያ ነው) ይጎትታል፣ መካከለኛው 100፣ ትልቁ 150። ሰዎቹን እየጎተታችሁ ገመዱ ላይ ትሰቅሏቸዋላችሁ፣ ጀምር ትላላችሁ። የፎርሶቹ ቀስቶች ከጋሪው በላይ ይታያሉ፤ ድምራቸውንና ቁጥራቸውን የሚያሳዩ ምልክት ማድረጊያዎችም አሉ።

እዚህ ላይ ልጆቹ በራሳቸው የሚያገኙት ነገር ብዙ ነው። ትልቁን ሰውዬ በሁለቱ ትንንሾች ማመጣጠን አይቻልም፣ 50 ይጎድላል። በመካከለኛውና በአንድ ትንሽ ግን ይቻላል። ሰው ወደ ጋሪው ቢጠጋ ወይም ቢርቅ ለውጥ የለውም፣ ይህን ሳትነግሯቸው ይፈትሹታል። ሦስት ሰው በአንድ ሰው ሊሸነፍ ይችላል? አይችልም፣ ሞክሩት፤ ሦስቱ ቢያንስ 200 ናቸው። ሁለት ሰውስ? ይችላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትወረውሩላቸው ኔት ፎርስ ማለት የሰው ብዛት ሳይሆን አቅጣጫን የያዘ ድምር እንደሆነ ይገባቸዋል። «ወደ ቀኝ ፖዘቲቭ፣ ወደ ግራ ኔጌቲቭ» የሚለውም ያን ጊዜ ትርጉም ያገኛል፤ ቀድሞ እንደ ቀኖና ነበር የሚጽፉት።

ግን ወርቁ ሌላ ቦታ ነው፣ ብዙ አስተማሪም ሳያየው ያልፋል። ጉተታውን በማይመጣጠን ፎርስ ጀምሩት፣ በለው ቀይ 150፣ ሰማያዊ 100። የፍጥነት መለኪያውን አብሩ። ጋሪው ወደ ቀይ መሄድ ይጀምራል። መንገድ ላይ እያለ አቁሙት፣ ለሰማያዊ አንድ ትንሽ ልጅ ጨምሩለት። አሁን 150 ለ150 ነው። ከመቀጠላችሁ በፊት ጠይቋቸው፦ ምን ይሆናል? አብዛኛው «ይቆማል» ይላል። ጥቂቱ «ወደ ኋላ ይመለሳል»። ተጫኑት። ጋሪው ዝም ብሎ በዚያው ፍጥነት ይሄዳል፣ ሄዶ ሄዶ ቀይ ያሸንፋል። ድምሩ ዜሮ፣ ጋሪው እየሄደ። የሚኒባሱ ጥያቄ መልስ ይኸው ነው፣ ያውም ማንም ሳይሰብክ። ይሄኔ ነው «ቲቸር፣ ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል» የሚሉት።

አልተበላሸም። ባላንስድ ፎርስ፣ ማለትም ድምሩ ዜሮ የሆነ ፎርስ፣ ቆሞ መቅረት ማለት አይደለም፤ ፍጥነት አለመለወጥ ማለት ነው። የቆመው እንደቆመ፣ የሚሄደውም በያዘው ፍጥነትና አቅጣጫ እንደሄደ ይቀጥላል። የኒውተን የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው፣ ከ1687 ጀምሮ ታትሞ ያለ። በልጆቹ አትፍረዱ፣ አርስጣጣሊስም ነገር የሚንቀሳቀሰው የሚገፋው ሲኖር ነው ብሎ ነበር፣ ዓለምም ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ሲከተለው ኖሯል።

ሁለተኛው ክፍል ይህንኑ ያጠናክራል። ሰበቃ የሌለው ወለል፣ ስኬትቦርድ፣ አንድ የሚገፋ ሰውዬ። ላዩ ላይ የምትጭኗቸው ነገሮች አሉ፦ 50 ኪሎ ሳጥን፣ 200 ኪሎ ፍሪጅ፣ 40 ኪሎ ልጅ፣ 80 ኪሎ ሰው፣ አንዳንዱንም በላዩ መደራረብ ይቻላል። ፍሪጁን ትንሽ ገፍታችሁ ልቀቁት። ፎርሱ ዜሮ ሆነ። ፍሪጁ ግን ይሄዳል። ይሄዳል። ልጁ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ መቼ እንደሚቆም ይጠብቃል። አይቆምም። ለማቆም በሌላ በኩል መግፋት አለባችሁ፣ ያም ጊዜ ይፈጃል፤ ቀስ እያለ ይቆምና መግፋቱን ካልተዋችሁ ወደ ኋላ ይጀምራል።

እዚህ አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። ፍጥነቱ ሲበዛ ሰውዬው ተደናቅፎ ይወድቃል፣ መግፋቱም ይቆማል። የተደረገው ሲሙሌሽኑ የፍጥነት ገደብ ስላለው ነው። ልጆቹ ግን ሰውዬውን ለመጣል ብቻ ይጫወቱበታል፣ አንዱ ሲጥለው ሌላውም መጣል አለበት፣ ትምህርቱ እዚያ ያልቃል። ታናሽ ወንድም ክፍል ውስጥ ካለማ ጨርሶ አይሞከርም።

ሦስተኛው ሰበቃ ነው። ለኔ ከገመድ ጉተታው ቀጥሎ ምርጡ ይህ ነው። የሰበቃውን መጠን ከምንም እስከ ብዙ በማንሸራተት ትቀይራላችሁ። ከዚያ ሳጥኗን ቀስ እያላችሁ ትገፋላችሁ፦ 10፣ 20፣ 50 ኒውተን። አትነቃነቅም። እዚህ ላይ ተማሪ ወረቀት ላይ ምን እንደሚጽፍ ታውቃላችሁ? «ያልተንቀሳቀሰው ሰበቃው ከግፊቱ ስለበለጠ ነው።» የብዙ ሰው መልስ ነው፣ የትልልቅ ሰዎችም ጭምር። እስቲ አስቡት፣ ሰበቃው ቢበልጥ ኖሮ ሳጥኗ ወደ ገፊው ትመጣ ነበር! ሲሙሌሽኑ ላይ ሁለቱ ቀስቶች እኩል እኩል ነው የሚያድጉት። 10 ስትገፉ 10፣ 50 ስትገፉ 50። የቆመ ነገር ላይ ሰበቃ የሚገፋውን ያህል ብቻ ነው የሚመልሰው፣ እስከ ጣሪያው ድረስ። ጣሪያው ሲታለፍ ሳጥኗ ትነሳለች፤ ያን ጊዜ የሰበቃው ቀስት አጠር ይላል። ከባድ ቁምሳጥን የገፋ ሰው ይህን በጀርባው ያውቀዋል፣ ማስነሳቱ ነው የሚከብደው፣ ከተነሳ በኋላ ይቀላል።

አራተኛው አክስለሬሽን (ፍጥነት በየሴኮንዱ የሚለወጥበት መጠን) ነው፣ ሰበቃም አክስለሬሽን መለኪያም አለው። ሰበቃውን ዜሮ አድርጋችሁ ፍሪጁን በ400 ኒውተን ግፉት፣ 2 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ይላል፣ 400 ሲካፈል ለ200። ማሱ ያልተጻፈበት የስጦታ ሳጥንም አለ። ገፍታችሁ፣ አክስለሬሽኑን አንብባችሁ፣ አካፍላችሁ ማሱን ታወጣላችሁ። ለቤት ሥራ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ የለም፣ ከጓደኛ ቢገለበጥም ቢያንስ ሠርቶ ማየት ይቻላል። ውሃ ያለበት ባልዲም አለ፣ ሲገፋ ውሃው ያጋድላል። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ሲሄድ ውሃው ልጥ ብሎ ይተኛል። ብዙ አልቆየንበትም፣ ግን ለዓይን ደስ ይላል።

እስከዚህ ድረስ ምስጋና። አሁን ወቀሳው።

ትልቁ ጉድለት ወደ ላይና ወደ ታች የሚሠራ ፎርስ አያሳይም። ምንም። ሁሉም ነገር ግራና ቀኝ ነው። የትምህርት ቤቱ ጥያቄ ግን ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ያለ መጽሐፍ፣ በገመድ የተንጠለጠለ አምፖል፣ ሊፍት ውስጥ የቆመ ሰው ነው። ክብደት የት አለ? ወለሉ ነገሩን መልሶ የሚገፋበት ኖርማል ፎርስ የት አለ? የሰበቃው ጣሪያ ከኖርማል ፎርሱ እንደሚመጣ እያወቅን፣ ቀስቱ ስክሪኑ ላይ የለም። «ቤዚክስ» ስለሆነ ለማቅለል ብለው እንደሆነ ይገባኛል። ግን አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ቢጨምሩ ምን ነበረበት?

ስለዚህ ይህን በወረቀት ትሞላላችሁ። እኔ የምጀምረው በጀሪካን ነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው፣ ባዶውን ጀሪካን ተዉት። ጂን (የመሬት ስበት የሚሰጠውን አክስለሬሽን) 10 ካልን ክብደቱ 200 ኒውተን። ይዛችሁት ስትቆሙ እጃችሁ ወደ ላይ ስንት ያነሳል? 200። ለሁለት ሆናችሁ ጎን ለጎን ብትይዙት? 100፣ 100፣ ሁለታችሁም ቀጥ አድርጋችሁ ከያዛችሁ። እጃችሁ ወደ ውጭ ከተንጋደደ እያንዳንዱ ከ100 በላይ ይጎትታል፣ ለዚህም ነው ሁለት ሰው ተራርቆ ሲሸከም የሚከብደው። አሁን ዋናው፦ ጀሪካኑን ፍጥነቱን ሳትለውጡ ቀስ እያላችሁ ወደ ላይ ስታነሱትስ? ክፍሉ «ከ200 ይበልጣል!» ብሎ ይጮኻል። እንደገና ሚኒባሱ መጣ። 200 ነው። ከ200 የሚበልጠው ከመሬት ስታስነሱት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እኩል።

ሊፍቱም እንዲሁ ነው። 60 ኪሎ ሰው ሚዛን ላይ ቆሞ ሊፍት ውስጥ አለ። ሊፍቱ ቆሞ ሳለ ሚዛኑ የ600 ኒውተን ግፊት ያነባል። በቋሚ ፍጥነት ወደ ላይ ሲወጣ? 600። በቋሚ ፍጥነት ሲወርድ? 600። ወደ ላይ በ1 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ሲያፈጥን ብቻ 660 ይሆናል፤ ወደ ታች በዚያው ልክ ሲያፈጥን 540። ገመድ ጉተታውን በደንብ የተጫወተ ልጅ ይህን ቶሎ ይይዘዋል። ያልተጫወተው «ሲወጣ ይበልጣል፣ ሲወርድ ያንሳል» ብሎ ይሸመድዳል፣ ፈተናው ላይም በዚሁ ይወድቃል።

ሁለተኛው ጉድለት ረቀቅ ያለ ነው፣ ግን ብዙ ነጥብ ያስጥላል። ባላንስድ ፎርስንና የኒውተንን ሦስተኛ ሕግ (ለእያንዳንዱ አክሽን እኩልና ተቃራኒ ሪአክሽን አለ የሚለውን) ልጆች ያደባልቋቸዋል፣ ሲሙሌሽኑም ለመለየት አይረዳም፣ እንዲያውም «እኩልና ተቃራኒ» የሆኑ ቀስቶችን ደጋግሞ እያሳየ ነገሩን ያወሳስበዋል። 1 ኪሎ መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ አለ። ክብደቱ 10 ኒውተን ወደ ታች፣ ኖርማሉ 10 ኒውተን ወደ ላይ። «አክሽንና ሪአክሽን!» አይደለም። ሁለቱም የሚሠሩት አንድ ነገር ላይ ነው፣ መጽሐፉ ላይ። አክሽንና ሪአክሽን ሁልጊዜ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ላይ ነው የሚሠሩት። የክብደቱ ጥንድ መጽሐፉ መሬትን ወደ ላይ የሚስብበት ፎርስ ነው። የኖርማሉ ጥንድ መጽሐፉ ጠረጴዛውን ወደ ታች የሚጫንበት ነው። ማስረጃ የሚፈልግ ተከራካሪ ተማሪ ካለ ወደ ሊፍቱ ውሰዱት፦ እዚያ ኖርማሉ 660፣ ክብደቱ 600 ነበር። የሦስተኛው ሕግ ጥንዶች መቼም ሊበላለጡ አይችሉም፣ እነዚህ ተበላለጡ፣ ስለዚህ ጥንድ አልነበሩም። እኔ ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ የለኝም።

ገመድ ጉተታው ራሱ ላይም ትንሽ ነገር አለኝ። በእውነተኛ ጉተታ የሚያሸንፈው ክንዱ የጠነከረ ብቻ አይደለም። ገመዱ ቀላል ከሆነ ሁለቱም ጫፍ ላይ ያለው ውጥረት እኩል ነው፤ አሸናፊውን የሚለየው እግር መሬትን የሚገፋበት ሰበቃ ነው። ሠፈር ውስጥ በካልሲ ሊጎትት የሚመጣ የለም። ሲሙሌሽኑ መሃል ላይ ጋሪ ያስቀመጠው ይህን ጣጣ ለመሸሽ ይመስለኛል፣ ሰዎቹም እግራቸው ተንሸራቶ አያውቅም። ለ9ኛ ክፍል ችግር የለውም፤ ጎበዝ ተማሪ ካነሳው ግን አትሸሹ፣ ጥሩ ግማሽ ሰዓት ይወጣዋል።

ቋንቋውን በተመለከተ እኛ በእንግሊዝኛ ነው የተጠቀምነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ቃላቱን ስክሪን ላይ ማየታቸው ለፈተናም ይጠቅማል። ጽሑፉ ራሱ ትንሽ ነው፣ እንግሊዝኛው ደካማ የሆነ ልጅም አይቸገርም።

ስልክ ላይ ይሠራል፣ ግን ጠባብ ስክሪን ላይ ሰዎቹን ገመዱ ላይ መስቀል ጣት ያደናብራል። ስልኩን አግድም ያዙት። አንድ ላፕቶፕ ካለ ለአምስት ልጅ እሱ ይሻላል፣ ክርክሩም እዚያ ነው የሚደምቀው።

ከካን አካዳሚ (በቪዲዮ የሚያስተምር ድረ ገጽ) ጋር ብታወዳድሩትስ የሚል አለ። ካን አካዳሚም ነጻ ነው፣ ማብራሪያውና መለማመጃው ጥሩ ነው፣ ስሌት ላይ ከፌት በጣም ይበልጣል። ግን ቪዲዮ ልጁን አይጠይቀውም። ሲያይ «ገባኝ» ይላል፣ ዘጋው ማለት ነው። ፌት ላይ ልጁ ራሱ ገምቶ፣ ራሱ ተጭኖ፣ ራሱ ይደነግጣል። እኔ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ነው የማደርገው፦ መጀመሪያ ፌት፣ ከዚያ ወረቀት ላይ ቀስት መሳል፣ ከዚያ ካን ወይም አጋዥ መጽሐፍ ለልምምድ። አንድ ነገር ግን ያለ ድርድር ነው፣ ከመጫናቸው በፊት ግምታቸውን ደብተር ላይ ይጻፉ። ካልጻፉ «እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት» ይሏችኋል፣ ሁሉም!

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ገመድ ጉተታውና ሰበቃው ከ10 ዘጠኝ፣ ሁለቱ ሌሎች ሰባት። ለ7ኛ፣ ለ8ኛና ለ9ኛ ክፍል ልጅ ያለው ወላጅ ፊዚክስ ባያውቅም አብሮ ተቀምጦ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ግምቱን ጠይቆ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። 11ኛና 12ኛ ክፍል ላላችሁ ግን ጊዜያችሁን አይመጥንም። የእናንተ ጥያቄ ዘንባላ ወለልና በሁለት አቅጣጫ የተከፈለ ፎርስ ነው፣ ይህ ሲሙሌሽን ደግሞ ከአንድ መስመር አይወጣም። ባይሆን የሚኒባሷን ጥያቄ ለራሳችሁ ጠይቁና፣ መልሱ ላይ ትንሽ ካመነታችሁ ገመድ ጉተታውን አንድ ጊዜ ክፈቱት።